ለአንድ ላፕቶፕ የተጻፈ ማለፊያ ኮድ ሲቪ ላይ ይሰፍራል ወይ?

ውድ ጠያቂያችን፣ ከኮዬ ፈጬ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶናል። የአራተኛ ዓመት የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪ መሆንህን፣ መብራት በሄደ ቁጥር የምታስተኛው አሮጌ ላፕቶፕህ ሲነቃ ኪቦርዱ አልሠራ ስላለህ በሊኑክስ ከርነል (በሥርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ ማለፊያ ኮድ፣ ማለትም የአንድን መሣሪያ ጉድለት ዘወር ብሎ የሚያልፍ ኮድ፣ መጻፍህን፣ ለከርነሉ ኃላፊዎች የላክኸው ፓች (የኮድ ለውጥ) ግን «በጣም ሰፊ ነው» ተብሎ መመለሱን ነግረኸናል፤ ይህን ሥራ ሲቪህ ላይ ማስፈር ይገባህ እንደሆነም ጠይቀሃል።

ይገባሃል፤ አሁን ባለበት መልኩ ግን አይደለም። ኮድህ ማሽኑን የሚለየው በአምራቹ ስም ብቻ ስለሆነ ምንም ችግር የሌለባቸውን የዚያው አምራች ላፕቶፖች ሁሉ ይነካል። ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሣው መሠረታዊ ሶፍትዌር) በሚያቀርበው የዲኤምአይ ሰንጠረዥ፣ ማለትም በማሽኑ የማንነት መዝገብ፣ ውስጥ ከአምራቹ ስም ሌላ የምርቱ ስም፣ የቦርዱ መለያና የባዮሱ ስሪት ተመዝግበው ስለሚገኙ፣ ማለፊያውን ከእነዚህ ጋር ማሰር ትችላለህ።

ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፤ ማለፊያው ከነጭራሹ ያስፈልጋል ወይ? ያው ላፕቶፕ በዊንዶውስ ያለ ልዩ ዝግጅት በትክክል የሚነቃ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከመሣሪያው ይልቅ የሊኑክሱ ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያዘው ፕሮግራም) ለኪቦርድ መቆጣጠሪያው ትእዛዝ በሚሰጥበት ቅደም ተከተል ላይ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ድራይቨሩን ማረም ለሁሉም ተጠቃሚ ይበጃል። በፒሲአይ መስመር ከኮምፒውተሩ ጋር ለሚገናኙ መሣሪያዎች የተጻፉ ማለፊያዎች የተሰበሰቡበት የከርነሉ ፋይል ብቻውን በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች አሉት፤ አንዴ የገባን ማለፊያ ደግሞ፣ ማሽኑ ከገበያ ጠፍቶ የሚሞክርበት ሰው ሲታጣ፣ ደፍሮ የሚያወጣው አይገኝም። የከርነሉ ኃላፊዎች የሚጠነቀቁት ስለዚህ ነው፤ ጥንቃቄያቸውም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ አንድም መስመር ሳትጽፍ፣ ከርነሉ ሲነሣ በሚሰጠው ትእዛዝ ላይ የኪቦርድ መቆጣጠሪያው ድራይቨር የሚቀበላቸውን ሁለት አማራጮች፣ በመጀመሪያ «አይ8042.ሪሴት»ን (i8042.reset)፣ ቀጥሎም እሱን አውጥተህ «አይ8042.ኖመክስ»ን (i8042.nomux) ለየብቻ ሞክር፤ ኪቦርዱን የመለሰው የትኛው እንደሆነም መዝግብ። ሁለቱን አንድ ላይ ከጨመርህ ምክንያቱ ይሸፈንብሃል። ድራይቨሩ እንዲህ ያሉ ማሽኖች የሚዘረዘሩበት ሰንጠረዥ አስቀድሞ ስላለው፣ ምናልባት አንድ ማሽን መጨመር ብቻ ይበቃህ ይሆናል።

ወደ ሥራው ጉዳይ ስንመለስ፣ በአዲስ አበባ ከርነል ላይ ብቻ የሚሠራ መደብ በብዛት አይገኝም፤ በሊኑክስ የሚሠሩ የክፍያ ማሽኖችንና የኔትወርክ መሣሪያዎችን የሚንከባከብ ቀጣሪ ግን ይህንኑ ችሎታ ይፈልጋል። ሲቪህ ላይ «የከርነል ፓች ጽፌአለሁ» ከማለት ይልቅ ችግሩን፣ የሞከርኸውንና አጠቃላይ እርማት ያልበቃበትን ምክንያት በሁለት ዓረፍተ ነገር አስፍር።

ፓቹን መልሰህ ከመላክህ በፊት፣ የዚያው አምራች ሌላ ሞዴል ካላቸው የክፍልህ ልጆች አንዱን ለምነህ አዲሱ ከርነል በእሱ ማሽን ላይ ምንም እንዳልቀየረ አረጋግጥ፤ የሞከርህበትን ሞዴልና የባዮስ ስሪትም በፓቹ መግለጫ ውስጥ ጻፍ።