መልስ፦ ዊዳል 1፡160 ማለት ታይፎይድ ነው?

ሰላም እህቴ። ሐዋሳ ዊዳል የሚባለውን የታይፎይድ የደም ምርመራ ተመርምረሽ «ኦ 1፡80፣ ኤች 1፡160» ስላሉሽ ታይፎይድ ነው ወይ ብለሻል። በዚህ ብቻ አይታወቅም። ዊዳል የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነትሽ ጀርሙን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ (የመከላከያ ፕሮቲን) ነው፤ ኦ እና ኤች የሚባሉት የጀርሙን ሁለት የተለያዩ ክፍሎች የሚያጠቁ አንቲቦዲዎች ናቸው። 1፡160 ማለት ሴረምሽ (የደምሽ ፈሳሽ ክፍል) 160 እጥፍ ቀጥኖም ምላሽ ሰጥቷል ማለት ነው። ኤች ደግሞ ከድሮ ሕመም ወይም ከክትባት በኋላ ረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ወባም ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል። የወባ ምርመራ ካላደረግሽ፣ በናትሽ ዛሬውኑ አድርጊ! ሐዋሳ ላይ ትኩሳት ይዞ ወባን ሳያዩ ማለፍ በጣም ያሳስበኛል።

የተሻለው ማረጋገጫ የደም ካልቸር ነው፤ ጀርሙን ራሱን አሳድጎ ያሳያል። አንቲባዮቲክ ከመጀመርሽ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል። ሆድሽን አጥብቆ ካመመሽ ወይም ሰገራሽ ከጠቆረ ግን ምንም ሳትጠብቂ ሆስፒታል ሂጂ።