በብርጭቆ የቀረበው «ንጉሥ»

ጥያቄ፦ አንድ የድሮ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ እየተረጎምኩ ነው። በዳንስ ግብዣ ላይ ሰዎቹ «ኒገስ» የሚባል ነገር ይጠጣሉ። አጻጻፉ የእኛን «ንጉሥ» በላቲን ፊደል ስንጽፍ እንደምናደርገው ነው። ቃሉ ከእኛ ሄዶ ይሆን? በአማርኛስ እንዴት ልጻፈው?

መልስ፦ ከእኛ ሄዶ ቢሆን ደስታዬ ነበር። አልሄደም። መጠጡ ስሙን ያገኘው በ1732 እ.ኤ.አ. ከሞተው እንግሊዛዊ መኮንን ከኮሎኔል ፍራንሲስ ኒገስ ነው። ፖርት ወይም ሼሪ የሚሉትን ወይን በሙቅ ውሃ ያቀጥኑታል፤ ስኳርና ሎሚ ጨምረው ገውዝ ይፍቁበታል። ጠጅ ለለመደ ምላስ እንዴት እንደሚሆን እንጃ።

«ከሐበሻ ንጉሥ የመጣ ነው» ብለው የሚሟገቱኝ አሉ። መመሳሰል ከበቃማ የእንግሊዝኛው «ማን» የእኛ መጠይቅ ተውላጠ ስም ሊሆን ነው!

የእኛው «ንጉሥ» እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ መግባቱ ግን እውነት ነው፤ በማዕረግነቱ፣ ከመጠጡ ጎን ለብቻው። የዘር ሐረጉም ከኮሎኔሉ እጅግ ይረዝማል። ግሱ የግዕዙ «ነገሠ» ነው። ዕብራይስጥ «ኖጌስ» የሚል ዘመድ አለው፤ በኦሪት ዘፀአት እስራኤልን በግብፅ የሚያስጨንቀው አስገባሪ በዚህ ቃል ይጠራል። (ይህን ለቤተ መንግሥት ሰው አይንገሩ።) ዐረቦች ደግሞ የአክሱምን ንጉሥ «ነጃሺ» ይሉታል። ዕብራይስጡ «ሲን» የሚባለውን ፊደል ሲይዝ ዐረብኛው «ሽ» ይላል፤ የእኛው ደግሞ ሠን። ዘመድ የሚተዋወቀው በዚህች ፊደል ነው።

«ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ» ባዮች ድምፁ አንድ ነው ይሉኛል። ለዛሬ ጆሮ ልክ ናቸው። ግን ፊደሉን ያስጠሩን እኮ «ንጉሡ ሠ» እያሉ ነው! ንጉሡን ከገዛ ፊደሉ ማፈናቀል ለእኔ ነውር ነው። ማስረጃ አምጣ ቢሉኝ ዓይኔ አልወደደውም ከማለት ሌላ ብዙ የለኝም።

ምን ዋጋ አለው፤ ጋዜጣውም ፌስቡኩም «ንጉስ» ካለ ቆይቷል። አንባቢም አልተደናገረም። ተማሪዎቼ እንዲያ ሲጽፉ ቀይ እስክሪብቶ ማውጣት ከተውኩ ሰነበትኩ።

እርስዎ መጠጡን «ኒገስ» ብለው በእሳቱ ሰ ይጻፉት። ትኩስ ነውና ይስማማዋል።