«ታውቀኛለች ወይ?»

ሰሞኑን አንዲት ገና ሥራ የጀመረች ሐኪም ደወለችልኝ። «ዶክተር፣ ሊያርፍ የተቃረበ ሰው ‹ከዚህ በኋላ ምንድን ነው ያለው?› ቢለኝ ምን ልበለው? አማኝ ነኝ፤ ግን አፌ ይያዛል» አለችኝ። አፏ መያዙን እንደ ጉድለት ቆጥራዋለች። እኔን በእሷ ዕድሜ አፌ አልያዘኝም ነበር። ምነው በያዘኝ! እስቲ ላስብበት ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ይህን የምጽፈው ለእሷና ያንኑ ለምትጠይቁ ልጆቼ ሁሉ ነው።

ከ40 ዓመት በፊት አንድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የ71 ዓመት ልብስ ሰፊ በልብ ድካም ተኝተው ነበር። «ተኝተው» የምለው በልማድ ነው እንጂ ሳንባቸው ውሃ ስለቋጠረ ጋደም ማለት አይችሉም፤ ሦስት ትራስ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ነበር የሚያነጉት። እግራቸው አብጦ በጣት ሲጫን ጎድጉዶ ይቀራል። ኦክስጂኑ የሚያልፍበት ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ይንተከተካል፤ ሌላ ድምፅ የለም። የደም ግፊታቸውን ልለካ ጎንበስ ስል ጋውኔን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህቺ ቁልፍ ልትወድቅ ነው፤ ክሯ አልቋል» አሉኝ። ትንፋሽ ለመሳብ የአንገታቸው ጅማት እየተገተረ የሰው ቁልፍ ያያሉ።

ከዚያ ከትራሱ ሥር አንዲት ጉርድ ፎቶ አወጡ። ሚስታቸው ናት። በ24 ዓመቷ በወሊድ ሞታባቸዋለች፤ ከእሷ በኋላ አላገቡም። ፎቶውን በአውራ ጣታቸው እያሻሹ፣ በየሁለት ቃሉ እየተነፈሱ፣ «እሷ ስትሄድ ጸጉሬ ጥቁር ነበር። አሁን እንግዲህ ይኸው እንደምታየኝ ነኝ። ታውቀኛለች ወይ፣ ልጄ?» አሉኝ።

መለስኩላቸው። ማቴዎስ 22 ቁጥር 30ን አንድ ቃል ሳላዛንፍ ወጣሁት፤ በትንሣኤ እንደ መላእክት ይሆናሉ እንጂ አያገቡም አይጋቡም። አስከትዬም ነፍስ ዕድሜና መልክ እንደሌላት፣ የሥጋ ዝምድና ከሥጋ ጋር እንደሚቀር አብራራሁ። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጥቅሱ ከነቁጥሩ ስለመጣልኝ። «እሺ፣ ዶክተር» አሉ። እስከዚያች ደቂቃ «ልጄ» ነበር የሚሉኝ። ፎቶውን ወደ ቦታው መልሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም የለካሁትን ካርዳቸው ላይ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ። ሊነጋጋ ሲል አረፉ።

ጥቅሱን አልተሳሳትኩም፤ የሚከነክነኝም ይኸው ነው። ቃሉ የተነገረው ለሰዱቃውያን ነበር። ትንሣኤ የለም የሚሉት እነዚህ ሰዎች፣ ሰባት ወንድማማቾች ተራ በተራ ያገቧትን ሴት ታሪክ ይዘው «በትንሣኤ የማንኛቸው ትሆናለች?» ብለው ጌታን ሊያጠምዱት መጡ። ለፈታኝ የተሰጠውን መልስ እኔ አንሥቼ ለሐዘንተኛ ሰጠሁት። እዚያው ሁለት ቁጥር ዝቅ ብል ኖሮ «የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅም አምላክ፣ የያዕቆብም አምላክ» የሚለውን አገኝ ነበር፤ የሕያዋን አምላክ እንጂ የሙታን አይደለም ይላል። ከሞቱ ስንት ዘመን ያለፋቸው ሰዎች እያንዳንዳቸው በስማቸው ነው የተጠሩት።

ማብራሪያዬ ደግሞ ከነጭራሹ ስህተት ነበር። ነፍስ ከሥጋ እስር ቤት አምልጣ ትሄዳለች የሚለው ሐሳብ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 መርዝ ጠጥቶ በሞተው በግሪኩ ፈላስፋ በሶቅራጥስ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ግን ስለሚነሣ አካል ነው፤ እንደ ዘር ተዘርቶ በሌላ ክብር ስለሚበቅል። ከሞት የተነሣው ጌታ የችንካሩ ምልክት ከእጁ አልጠፋም፤ ቶማስ ያወቀው በዚያ ነው። መግደላዊት ማርያምማ ፊቱን እያየች አላወቀችውም፤ አትክልተኛው መስሏት ነበር። ያወቀችው «ማርያም» ብሎ ሲጠራት ነው። ያን ሌሊት ይህን ብቻ ባወራቸው ኖሮ!

እንግዲህ ነፍስ እስከ ትንሣኤ አንቀላፍታ ትቆያለች ወይስ ነቅታ? አብያተ ክርስቲያናት እዚህ ላይ አንድ አይደሉም። በመስቀል ላይ ለወንበዴው የተነገረው «እውነት እልሃለሁ ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የሚለው ቃል እንኳ፣ ጥንታዊዎቹ የግሪክ ቅጂዎች ሥርዓተ ነጥብ ስላልነበራቸው «ዛሬ» ከ«እልሃለሁ» ጋር ይሂድ ወይስ ከ«ትሆናለህ» ጋር ተብሎ ያከራክራል። በሽተኛ አልጋ አጠገብ ይህን ክርክር አታንሡ። እኔ ግን ነቅታ ነው ባይ ነኝ፤ ወንበዴውም በዚያው ቀን ገብቷል። ይኸው፣ አታንሡ ብዬ ራሴ አነሣሁት።

ሞኒካ፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቁ የአውግስጢኖስ እናት፣ ትዝ አለችኝ። ለዓመታት ከባሏ ጎን ልትቀበር መቃብር አሰናድታ ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ387 ከአገሯ ርቃ ኦስቲያ በተባለው ወደብ ስትታመም፣ ሥጋዬን የትም ቅበሩት፤ ለእግዚአብሔር ሩቅ የሚባል ነገር የለም አለች። እዚህ ላይ የደረሰችው ግን ራሷ ናት፤ የባልሽን መቃብር ተይው ብሎ ጥቅስ የጠቀሰባት ሰው የለም። ልጇም ያን ጊዜ ጮክ ብሎ ያለቀሰውን የራሱን ልጅ ዝም አሰኘ፣ የራሱንም እንባ ዋጠ፤ በኋላ ብቻውን ሲሆን አለቀሰ። እንዲያ ያለ ሊቅ ልቅሶ ካሳፈረው እኛማ።

የዛሬ ልጆች የሰው ሞት በሰሙ በደቂቃ ውስጥ ባለ አበባ ሥዕል ጥቅስ በስልክ ትልካላችሁ። ያናድደኛል። ደግሞ መለስ ብዬ ሳስበው እኔ ያንኑ ያደረግኩት ስልክ በእጄ ሳይኖር ነው፤ ያውም ሰውየው ፊት ቆሜ።

ወንበር ሳቡ፣ እጅ ያዙ አልላችሁም፤ ይህ ተምራችሁ የመጣችሁት ነው። ለደወለችልኝ ልጅ ግን የምላት አንድ ነገር አለ፦ ስለ ነፍስ ሲጠይቁሽ ማንን አስበው እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂያቸው። ስለ ራሳቸው የሚጠይቁ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ በልባቸው የያዙት ሰው አለ። ከዚያ በኋላ አፍሽ ቢያዝም ግድ የለም።

ያን ዕለት ጠዋት ከነርሷ ጋር ዕቃቸውን ስንሰበስብ ፎቶውን አነሣሁት። ሌሊት እንኳ በወጉ አላየሁትም ነበር። ፊቷ በጣት ታሽቶ ጠፍቷል፤ ዓይኗና አፍንጫዋ የት እንደነበሩ አይለይም። የቀረው የቀሚሷ አንገትጌ ብቻ ነው፤ ሰውየው ራሳቸው የሰፉት ይሆናል። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ስሟ በእርሳስ ተጽፏል፤ እርሳሱ ሲደበዝዝ በላዩ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሰማያዊውም ሲደበዝዝ በጥቁር ተደግሞበታል።