«እሺ» ብዬ የወሰድኩት በትር

ባለፈው ሰሞን ገና ሥራ የጀመረ አንድ ልጅ ቢሮዬ ገባና «ጋሼ፣ ጌሙ ራሱ የሚፈቅደው ነገር ነውር ሊባል ይችላል?» አለኝ። ማታ ኢንተርኔት ላይ በቡድን በሚጫወተው ጌም ዕቃ ወስዶ ከቡድኑ ሲወጣ ሰድበውታል። ስልክ መጣልኝና ሳልመልስለት ቀረሁ። ደስ ብሎኝ ነበር ስልኩን ያነሳሁት።

ሙያዬ ኦዲት ነው። «ሕግ አልጣስኩም» ሲባል ስሰማ ነው የኖርኩት። አንድ ጊዜ ግን እኔም ብያለሁ።

ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው የኢንተርኔት ጌም እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ፤ እኔ ትንሽ ቆይቼ ገባሁበት። ያኔ ትልልቁ ውጊያ 40 ሰው ይፈልጋል። 39ኙ ተሰልፎ አንዱ «መጣሁ» ብሎ ይጠፋል። በ2007 ቁጥሩን ወደ 25 ሲያወርዱት እልል ብያለሁ። የምነግራችሁ ግን በአምስት ሰው ስለሚገባበት ደንጀን፣ ጭራቅ ስለሞላበት ዋሻ ነው። አንዱ ታንክ ሆኖ ዱላውን ይቀበላል፣ አንዱ ሂለር ሆኖ ሌላውን ያክማል፣ ሦስታችን እንመታለን።

ሂለሩ ወንድ ይሁን ሴት እስከ ዛሬ አላውቅም። በር ላይ ቆመን ሳለ «ለበትሩ ነው የመጣሁት፤ ዘጠነኛ ሙከራዬ ነው» ብሎ ጻፈ። የመጨረሻው ቦስ፣ ዋናው ጭራቅ፣ ሲሞት አንዳንዴ የሚጥለው በትር ነው። «እሺ» ብዬ የመለስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ሁለት ጊዜ ሁላችንም አለቅን። አንደኛው የኔ ጥፋት ነው፤ ቸኩዬ ሌላ የጭራቅ መንጋ ቀሰቀስኩ። ሂለሩ አንድ ቃል አልተናገረኝም። አስነሳኝና ቀጠለ።

ቦሱ ወደቀ፣ በትሩ ወጣ። ስክሪኑ ላይ ትንሽ ሳጥን መጣች። «ያስፈልገኛል» ትላለህ፣ ወይ «ማንም ካልፈለገው ልውሰደው» ትላለህ፣ ወይ ትተዋለህ። ሁለት ሰው እኩል ከፈለገው ጌሙ ከ1 እስከ 100 ዕጣ ያወጣል። እኔ አስማተኛ ነበርኩ፤ በትሩ ለኔም ይሆናል፣ ከያዝኩት በጥቂት ነጥብ ይበልጣል። ጣቴ ቀደመኝ። ውሸቴን ነው፤ አስቤበት ነው የተጫንኩት። ለሂለሩ 41 ወጣ፣ ለኔ 97።

ቻቱ ጭጭ አለ። ማንም ሳይጠይቀኝ «ለኔም ያስፈልገኛል፣ ሕጉ ይፈቅዳል» ብዬ ጻፍኩ። ሂለሩ «ይመችህ» ብሎ ወጣ።

ያኔ እንዲህ ያለ ዕቃ አንዴ ካነሳኸው ለሌላ አታስተላልፈውም። በዚያው ሳምንት የተሻለ በትር አገኘሁና ያንን ለጌሙ ነጋዴ ሸጥኩት። በስንት እንደሸጥኩት እንኳን አላስታውስም። የሂለሩን ስም ጓደኞቼ ዝርዝር ውስጥ አስገብቼ ለወራት አየሁት። ሁሌ ግራጫ ነው፤ ጌሙ ውስጥ የለም ማለት ነው።

አትሳደቡ፣ አታጭበርብሩ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ምን ፈልጋችሁ እንደመጣችሁ ገና በር ላይ ተናገሩ። ሌላው ሲናገር ደግሞ አንብቡ። የእናንተ ነገር እኮ አንዴ ከተሞተ ውልቅ ነው፤ ጌሙ ሌላ ሰው ያመጣልኛል ብላችሁ። እኛ ሁላችንም አንድ ሰርቨር ላይ እንደ አንድ ሰፈር ሰው ስለነበርን ስም ይጠፋ ነበር። ዕቃ ቀማኛ የተባለ ቡድን አያገኝም። እኔ ግን አገኘሁ፤ ሦስቱ ለማንም አልተናገሩብኝም። ስለዚህ የኛን ዘመን ብዙም አላሞግስ።

መሀል ላይ ጥሎ መውጣትም ነውር ነው። ልጄን ትኩሳት ይዟት 24 ሰው ጥዬ ተነስቼ አውቃለሁ፤ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ። ግን «ልጅ ታማብኝ፣ ይቅርታ» ብዬ ነው የተነሳሁት።

ያ ልጅ ሰኞ ሲመጣ ስለ ጌሙ ሕግ አላወራውም። ከመግባታችሁ በፊት ቻቱ ላይ ምን ብለህ ጽፈህ ነበር ብዬ ልጠይቀው ነው።