«ለሌንስ አልደረሰችም?» እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ ልጆች መነፅር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኮንታክት ሌንስ ናቸው። አራቱን እነሆ።

«ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ሩቅ አይታያትም። ልጆች “አራት ዓይና” እያሉ ስለሚያሾፉባት መነፅሯን ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ ነው የምትውለው። ለሌንስ አልደረሰችም?» (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መነፅሯን ደብቃ የምትውል ልጅ ሰሌዳው ሳይታያት ነው የምትማረው። ስለዚህ መጠየቅዎ ተገቢ ነው።

ዕድሜዋ አያግዳትም። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው ገና በጨቅላነታቸው ሌንስ የሚያደርጉ ሕፃናት አሉ። ለእነሱ ግን የሚያደርግላቸውም የሚያወጣላቸውም ወላጅ ነው። በራሳቸው እጅ ከሚያደርጉት ውስጥ በ8 ዓመት የሚጀምሩ አሉ። የሩቅ ዕይታ ድክመት ቶሎ እንዳይባባስ ተብሎ የተሠራ የአንድ ቀን ሌንስ (ውሎ ማታ የሚጣል) እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድም፣ ሲጀምሩ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ለሆኑ ልጆች ነው።

እኔ ግን ከዕድሜዋ ይልቅ ጠባይዋን ብጠይቅዎ ይሻለኛል። ሳይነገራት እጇን በሳሙና ትታጠባለች? ሹራቧን ትምህርት ቤት እየረሳች ትመጣለች? ሲያማት ትናገራለች ወይስ ትደብቃለች? የመጨረሻው ይበልጥብኛል። ሌንሱን እንዳይከለክሏት ፈርታ የቀላ ዓይኗን የምትደብቅ ልጅ ክፉኛ ልትጎዳ ትችላለች። ደግሞስ ሌንሱን የፈለገችው እሷ ናት ወይስ እርስዎ?

የውሃውንም ነገር ያስቡበት። ሌንስ የሚነካ እጅ በንጹህ ውሃና በሳሙና ታጥቦ መድረቅ አለበት። ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ለዚህ ብቻ የሚሆን ጀሪካን ይለዩ። እጅ መታጠብ ያልተቻለበት ጠዋት የመነፅር ቀን ነው። ስለዚህ ሌንስ ብትጀምርም መነፅሯ አይቀርም። ሌንሱ ሳይቋረጥ የሚገኝ መሆኑንም አስቀድመው ያጣሩ። ሲያልቅባት የአንድ ቀኑን ሌንስ ለሁለተኛ ቀን እንዳታደርገው።

እስከዚያው መምህሯን ያነጋግሩ። ለልጅዎም ይንገሯት፦ «አራት ዓይና» በቤተ ክህነት አራቱን ጉባኤያት ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሊቅ የሚሰጥ የክብር ስም ነው።

«ልጃችን 12 ዓመቱ ነው። ኳስ ሲጫወት መነፅሩ እየወደቀ ተቸግሯል። ዋናም ይማራል። ለሁለቱም ሌንስ ይሆነዋል?» (አባት፣ ከሜሪላንድ)

ለኳሱ ጥሩ ነው። ግራ ቀኙን አጥርቶ ያያል። ዓይኑን ከምት እንደማይከላከልለት ግን እወቁ።

ለዋናው አይሆንም። አካንታሚባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ በቧንቧም፣ በመዋኛ ገንዳም፣ በሐይቅም ውሃ ውስጥ ይኖራል። ከሌንሱ ሥር ከገባ ኮርኒያውን፣ ማለትም የዓይኑን የፊት መስታወት፣ ያቆስለዋል። ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ ዕይታም ሊወስድ ይችላል። ቁጥር ያለው የዋና መነፅር ይሠራል፣ እሱን ግዙለት። ገላውን ሲታጠብም ሌንሱን ያውጣ። ሌንሱ በቧንቧ ውሃም በምራቅም አይታጠብም።

የመነፅሩ ማዘዣ ለሌንስ አያገለግልም። ሌንስ ተለክቶለት ሲያበቃ የማዘዣውን ቅጂ መስጠት እዚያ አገር የባለሙያው ግዴታ ነው። የፈለጋችሁበት ቦታ ግዙበት።

«ወንዱ ልጄ ዓይኑን ሲያሽ ነው የሚውለው፤ አለርጂ ነው ብለውኛል። ሌንስ ያስቸግረዋል?» (እናት፣ ከሐዋሳ)

አሁን አይጀምር። መጀመሪያ ማሳከኩ ይታከም። ዓይንን አጥብቆ ማሸት ራሱ ኮርኒያን ሊጎዳ ይችላል። አደራ፣ ለሌላ ሰው የታዘዘ ጠብታ አያድርጉበት። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ክትትል ሲቆይ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል።

«15 ዓመቴ ነው። አክስቴ ከዱባይ አረንጓዴ ሌንስ አመጣችልኝ። ቁጥር የለውም፣ ለውበት ነው። ለእህቴ ሰርግ ከአጎቴ ልጅ ጋር ተራ በተራ ልናደርገው ነው። ችግር አለው?»

አለው የኔ እህት። አታድርጉት። ቁጥር ባይኖረውም ዓይን ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው። እንደ ጫማ ልክ አለው። ልክሽ ካልሆነ ኮርኒያሽን ይጭረዋል፤ በጭረቱ ደግሞ ጀርም ይገባል። አሜሪካ ውስጥ የውበት ሌንስም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም። ተራ በተራ ማድረግ ደግሞ የአንዷን ኢንፌክሽን ለሌላዋ መስጠት ነው። ሰርግ አምሽቶ ደክሞሽ ከነሌንሱ ብትተኚ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ሞክረሽው ከሆነና ዓይንሽ ከቀላ፣ ካመመሽ፣ ብርሃን ካስቸገረሽ ወይም ዕይታሽ ከደበዘዘ ሌንሱን ወዲያው አውጪው። ሌንሱን አትጣይው፣ ሐኪሙ ያየዋል። ለእናትሽ ንገሪያትና በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሰርጉ ቢሆንም እንኳ።