ዕቅዱ ላይ ቻርት፣ ጠረጴዛው ላይ ልብ

እህቴ፣ «ማታ 5 ሰዓት ድረስ ሌሰን ፕላን እየገለበጥኩ ነው» ያልሽው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። በክፋት አይደለም። እኔም ስንት ዓመት እንደዚያው አድርጌያለሁ።

ላላነበበው ሰው ጥያቄሽን ላሳጥረው። ማስተማር ከጀመርሽ ሁለተኛ ዓመትሽ ነው፣ ጅማ ገና መምጣትሽ ነው፣ ባዮሎጂ ታስተምሪያለሽ። መጽሐፉ ለሦስት ተማሪ አንድ ነው፤ ያለውም ስህተት አያጣውም። በዚህ ላይ ለየቀኑ፣ ለየሴክሽኑ ዕቅድ ጽፈሽ ማስፈረም አለብሽ። «መጽሐፉን ላርም፣ ዕቅዱን ልጻፍ ወይስ ጥዬ ልውጣ?» ነው ያልሽው።

እኔም የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ጅማ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም፣ ነገ ስታፍ ሩም ውስጥ ሻይ አብሬያቸው የምጠጣ ሰዎች ናቸው።

እኔ ሥራ ስጀምር ፕላዝማ ነበር። ከ1997 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አብዛኛውን ፔሬድ የሚወስደው ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ነው። ለኛ መግቢያና መዝጊያ ትተርፈናለች። እና ዕቅዴ ላይ «ተማሪዎች የፕላዝማውን ትምህርት ይከታተላሉ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ይፈረማል። አንድ ቀን ገና ከመጀመሩ መብራት ጠፋ። ስልሳ ልጅ እኔን ያያል፣ እኔ ጥቁሩን ስክሪን አያለሁ። የተፈረመበት ዕቅድ እጄ ላይ ነው። ውስጡ ግን ለኔ የምትሆን አንዲት መስመር አልነበረችም።

እንደዚያም ሆኖ ቶሎ አልነቃሁም። የነቃሁት በልብ ነው። በእውነተኛ ልብ።

የልብን አሠራር ላስተምር ነው። መጽሐፉ «በሰማያዊ የተቀባውን ተመልከቱ» ይላል። ልጆቹ እጅ ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ነው፤ ሰማያዊውም ቀዩም ግራጫ ሆኗል። በባለ ቀለም ጠመኔ ስዬ ሞከርኩ። ሥዕሌ ድንች ይመስላል፣ ልጆቹም ሳይደብቁ ነገሩኝ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ሉካንዳ ቤት ጎራ አልኩና አንድ የበሬ ልብ ገዛሁ። ባለ ሉካንዳው «ለጥብስ ነው?» አለኝ። «ለ9 ሰው አይበቃም እንጂ ለ70 ሰው ነው» አልኩት። አልገባውም።

ክፍል ውስጥ ጋዜጣ አንጥፌ ለሁለት ሰነጠቅሁት። የኋላ ወንበር የሚተኙት ልጆች ጠረጴዛው ላይ ወጥተው ሊያዩ ደረሱ። አራቱን ክፍሎች በዓይናቸው አዩ። ቫልቮቹን የያዙትን ክር የመሰሉ ጅማቶች ጎትተው አዩ። ከዚያ አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ የግራው ግድግዳ ለምን ወፈረ?» አለች። እኔ ልጠይቅ ያሰብኩትን እሷ ቀደመችኝ። ዝም አልኩ። እርስ በርሳቸው ተከራከሩ፣ ተከራከሩና አንዱ «የቀኙ የሚልከው እዚሁ ሳንባ ድረስ ነው፣ የግራው ግን እግር ጣት ድረስ ነው» አለ። በቃ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ሱፐርቫይዘሩ የገባው በዚያ ሰዓት ነው። ኋላ ተቀመጠ፣ ዕቅዴን ጠየቀ፣ ሰጠሁት። «የትምህርት መርጃ መሣሪያ» በሚለው ዓምድ ሥር «ቻርት» ይላል። ምክንያቱም ባለፈው ዓመትም ቻርት ነበር፣ እኔም ማታ እንቅልፍ እያዳፋኝ ነው የገለበጥኩት። ሰውየው ዕቅዱን ያያል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ልብ ያያል፣ እንደገና ዕቅዱን ያያል። አስተያየቱ ላይ «አቀራረቡ ከዕቅዱ ጋር አይሄድም» ብሎ ጻፈ። ነጥብ ተቀነሰብኝ።

ያን ቀን ጨስኩ። አሁን ሳስበው ግን ሰውየው ያልሆነውን አልጻፈም። ዕቅዴ የማላስተምረውን ትምህርት ነበር የሚናገረው። የማስተምረውን ያቀድኩት ከቤት እስከ ሉካንዳ ቤቱ በእግሬ ስሄድ ነው።

ስለዚህ አንቺን የማታ እንቅልፍ የነሳሽ ሁለት ሥራ ነው፣ አንድ አድርገሽ ስላየሽው ነው የከበደሽ። አንዱ ለሚፈርመው ሰው ነው። ሌላው ነገ ጠዋት ክፍል ለምትገቢው ለራስሽ ነው። የመጀመሪያውን አልናቅም። የታመምሽ ቀን ተክቶሽ የሚገባ ሰው እሱን ነው የሚያየው። ግን ቅዳሜ ወይ እሑድ በአንድ ቁጭታ የሳምንቱን አንድ ላይ ጨርሺው። ዓላማውን ከመርሐ ትምህርቱ፣ ገጹን ከመጽሐፉ፣ አጭርና እውነተኛ አድርገሽ። ባዶ ዓምድ ለመሙላት ብለሽ የማትሠሪውን «የቡድን ውይይት» አትጻፊ። እኔን ያስቀጣኝ እንደዚህ ያለች ቃል ናት።

ለራስሽ ደግሞ አንድ ትንሽ ደብተር ያዢ። ለአንድ ትምህርት ግማሽ ገጽ ይበቃል። እኔ የምጽፈው በምን ጥያቄ እንደምከፍት፣ ልጆቹ የት ላይ እንደሚሰናከሉ፣ ሰሌዳው ላይ ምን እንደሚቀር ነው። ከክፍል ስወጣ ኮሪደር ላይ ቆሜ ምን እንደከሸፈ አንድ መስመር እጨምራለሁ። ለምሳሌ ስለ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃ በሕዋስ ሽፋን አልፎ ጨው ወደ በዛበት ስለመሄዱ፣ ያለኝ እንዲህ ይላል፦ «ድንች በጨው ውሃ። ልጆቹ ጨው ገባ ይላሉ እንጂ ውሃ ወጣ አይሉም። ድንቹን ጠዋት ቤት ቆርጠህ ንከር፣ ክፍል ውስጥ ከጀመርክ ሳይለሰልስ ይደወላል።» ይህችን ያገኘኋት አንድ ጊዜ ጠንካራ ድንች ይዤ ከተዋረድኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በየዓመቱ ታገለግለኛለች። የልቡ ገጽ ላይ ደግሞ «ደም ቅዳ (ደም ከልብ የሚያወጣው ቧንቧ) ሁሉ ኦክስጅን ይይዛል ብለው ሸምድደዋል፣ ወደ ሳንባ የሚሄደውን ቀድመህ ጠይቅ» ይላል። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም ፎርም አይጠይቅሽም።

ወደ መጽሐፉ ልምጣ። እዚህ ላይ እንደ አንቺ ብስጩ ነኝ። «ከታች ያለውን ሥዕል ተመልከቱ» ይልና ከታች ሥዕል የለም። መልመጃው ምዕራፉ ውስጥ ያልተነገረ ነገር ይጠይቃል። ማይክሮስኮፕ ተጠቀሙ ይላል፣ የኛ አንዷ ማይክሮስኮፕ ሌንሷ ከተሰበረ ቆይቷል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ጊዜ ደግሞ መጽሐፉ በፒዲኤፍ ቀድሞ ደረሰን፣ ወረቀቱ ኋላ። ስልክ ያለው ልጅ በቴሌግራም አወረደ። የሌለው ከጓደኛው ትከሻ ላይ ያነባል። ክፍል ውስጥ ደግሞ ስልክ ክልክል ነው። እንግዲህ አስቢው።

አንድ ጊዜ ለመጽሐፉ ጥብቅና ቆሜ አውቃለሁ። አንድ ተማሪ የመልመጃው መልስ ተሳስቷል አለኝ። «መጽሐፉ ነው ወይስ አንተ?» ብዬ አስቀመጥኩት። ማታ ሳየው ልጁ ልክ ነው። በማግስቱ ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ ቀን በኋላ የራሴ ቅጂ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የስህተት ዝርዝር እይዛለሁ። ከሌሎቹ የባዮሎጂ መምህራን ጋር እንቀያየራለን፤ ለዲፓርትመንቱም በጽሑፍ እንሰጣለን። መልስ መጥቶልን አያውቅም። ቢሆንም ስጡ።

የመጽሐፍ እጥረቱን በኖት አትሙዪው። ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ነው። 40 ደቂቃ አለሽ፤ ሰሌዳ ሙሉ ኖት ካስጻፍሽ 25 ደቂቃው ሄደ፣ የቀረችውን ስም ጥሪና «ዝም በሉ» ይበሏታል። እኔ ለከባድ ከባዱ ርዕስ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጃለሁ። ሥዕሉ በጥቁርና ነጭ እንዲገባ አድርጌ፣ በቀለም ፈንታ «ሀ»፣ «ለ» ብዬ። 70 ልጅ ሦስት ሦስት ሆኖ ቢቀመጥ 24 ኮፒ ይበቃል። ፔሬዱ ሲያልቅ እሰበስባለሁ፣ በሚቀጥለው ሴክሽንም እሱኑ አድላለሁ። አምስቱም ሴክሽን በዚያው 24 ወረቀት ይማራል። ከተማሪ ገንዘብ አትሰብስቢ፤ ለኮፒ 5 ብርም ቢሆን ጣጣ ያመጣብሻል።

ሌላው ራስ ምታት ቋንቋው ነው፣ ከሌላ ቦታ ስለመጣሽ ልንገርሽ። እዚህ ልጆቹ አንደኛ ደረጃን የተማሩት አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በአማርኛ ነው። 9ኛ ሲደርሱ ሁሉም ድንገት እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። መጽሐፉ ከባድ የሚሆንባቸው ግማሹ በባዮሎጂው አይደለም። ለምዕራፉ ስምንት ዘጠኝ ቃል መርጬ የሰሌዳው ጥግ ላይ በሁለቱም ቋንቋ እጽፋለሁ፤ ቅጠል፣ ባላ፤ ሥር፣ ሂዳ፤ ውሃ፣ ቢሻን። አፋን ኦሮሞ ባትችዪ አታፍሪ፣ ልጆቹን ጠይቂያቸው። መምህሯን ሲያስተምሩ እንዴት እንደሚደሰቱ ታያለሽ።

የጅማን ዝናብ ደግሞ ዕቅድሽ ውስጥ አስገቢው። እየቀለድኩ አይደለም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብሽ ያለው ልጅ እንኳ አይሰማሽም። እኔ ሁልጊዜ አንድ «የዝናብ ሥራ» በቦርሳዬ አለ፤ ያለ ድምፅ የሚሠራ፣ ሥዕል መሰየም ወይ ጽፎ ለጎረቤት ማቀበል። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ የቡና ለቀማ አለ። ከገጠር የሚመላለሱት ልጆች ቁጥር ይሳሳል። ዓመታዊ ዕቅድሽ ላይ ከባዱን ምዕራፍ እዚያ ላይ አትጣዪው። ቡናውንም ተጠቀሚበት። ስለ ፍላት (ፈርመንቴሽን) ሳስተምር መጽሐፉ ስለ ወይን ጠጅ ያወራል፤ እኔ እሸት ቡና ተፈልፍሎ ገንዳ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ያ የሚያሙለጨልጨው ነገር እንዴት እንደሚለቅ እጠይቃቸዋለሁ። ከኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

የፊርማውን ነገር ከሰዎቹ ጋር መነጋገር ይቻላል። ጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እኛ ጋ ድንጋጤው በስብሰባ ጀምሮ በፎርም አለቀ። ዕቅድ ለየሴክሽኑ ይጻፍ የተባለው ያኔ ነው። እኔ ትንሿን ደብተሬን ይዤ ዲፓርትመንት ኃላፊው ጋ ሄድኩ። አላማረርኩም። «ያው ትምህርት አምስት ጊዜ ከምገለብጥ አንዱን ልጻፍና ለየሴክሽኑ የተለየውን ብቻ ከታች ልመዝግብ» አልኩት። ደብተሩን ሲያገላብጥ ቆየና «እኔም እኮ አምስቱን አላነብም» አለኝ። አንድ ዕቅድ ከታች አምስት መስመር ያለው ሆኖ ጸደቀ። የሲፒዲው (የተከታታይ ሙያ ማሻሻያው) ፋይል ግን እስከ ዛሬ አልቀነሰልኝም፣ ሁሉንም አሸነፍኩ ብዬ አልዋሽሽም።

ልልቀቅ ወይ ላልሽው መልስ የለኝም። እኔ ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ጽፌ ሁለት ጊዜ ኪሴ ውስጥ አርጅቷል። የደሞዙን ነገር ካነሳን ሌላ ለሊት ነው የሚያስፈልገን። አንድ ሴሚስተር በሁለቱ፣ በሚፈረመው ዕቅድና በትንሿ ደብተር፣ ሞክሪውና ከዚያ ወስኚ፤ ማታ 5 ሰዓት ላይ ግን አትወስኚ።

ልቡን ለመግዛት ካሰብሽ ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ ሂጂ፣ ቶሎ ያልቃል። የኛ ክፍል ሙስሊምም ክርስቲያንም ነው፣ ከየትኛው ሉካንዳ እንደገዛሽ መጠየቃቸው አይቀርም፤ በመጀመሪያው ዓመት እጃቸውን የሰበሰቡ ልጆች ነበሩ። አሁን እኔ ራሴ እይዛለሁ፣ እነሱ በእንጨት ያሳያሉ። ጾም ከሆነ ደግሞ ከወዲሁ አስቢበት። ባለ ሉካንዳውንም ከላይ ያሉትን ቧንቧዎች እንዳይቆርጥብሽ ቀድመሽ ንገሪው። ለጥብስ ስለሚመስለው አጽድቶ ነው የሚሰጥሽ፤ ከዚያ ደም ቅዳውን የምታሳዪበት ነገር አይተርፍሽም።