የቼዝ ጥያቄዎቻችሁ፦ ፈረሱ ጂ5 ላይ ሲቆም

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ፍቅር ሐይቅ ዳር በ10 ደቂቃ ሰዓት ቼዝ እንጫወታለን። ባለፈው የሰፈር ውድድር ላይ ጥቁር ደረሰኝና ገና ሳልሞቅ ተሸነፍኩ። ነጩ ቢሾፑን ሲ4 አወጣ፣ ፈረሱን ጂ5 ላይ አቆመ። ዲ5 ገፋሁ፣ በላ፣ በፈረስ መልሼ በላሁ። ከዚያ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ሰውቶ ንጉሤን ሜዳ ላይ አወጣብኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?
— ከታቦር

መልስ፦ አይዞህ፣ በዚህ ያልተሸነፈ የለም። ፍራይድ ሊቨር ይባላል፣ ጣሊያኖች የዛሬ 400 ዓመት ገደማም ያውቁት ነበር። ጣጣው ያለው ኤፍ7 ላይ ነው። ጨዋታ ሲጀመር ያቺን ወታደር ከንጉሡ በቀር የሚጠብቃት የለም፣ ነጩ ደግሞ በፈረስና በቢሾፕ አነጣጥሮባታል።

ዲ5 መግፋትህ ልክ ነው፣ የቢሾፑን መንገድ ይዘጋል። የተበላሸው በፈረስ ስትበላ ነው። ፈረሱ ኤፍ7 ሲገባ ንግሥትህንና ሩክህን ባንዴ ይይዛል፣ በንጉሥ ትበላዋለህ፤ ንግሥቲቱ ኤፍ3 መጥታ ቼክ ስትል ግን ዲ5 ላይ ያለው ፈረስህም አብሮ ይያዛል፣ እሱን ላለማጣት ንጉሥህ ኢ6 ድረስ ይወጣል። ኮምፒውተር ምናልባት ይወጣው ይሆናል። አንተ ግን ሰዓቱ እየሮጠብህ፣ ተመልካቹ ከጀርባህ እያንሾካሾከ? እንጃ።

በፈረስ ከመብላት ይልቅ ሲ6 ላይ ያለውን ፈረስህን ኤ5 ውሰድና ቢሾፑን አስነሳው። ቢ5 ላይ ቼክ ይልሃል፣ ሲ6 ግፋ፣ ይብላ፣ በወታደር መልሰህ ብላ። አንድ ወታደር ጎደለህ፣ ግድ የለም። ቢሾፑ መሸሽ አለበት፣ ቀጥሎ ኤች6 ስትገፋ ፈረሱም ይሸሻል፣ ኢ4 ስትገፋ እንደገና ይነሳል። እሱ ሲሯሯጥ አንተ ዕቃህን ታወጣለህ።

ይሄ ሁሉ ካልተመቸህ፣ በ3ኛው እርምጃ ላይ ፈረስህን ኤፍ6 በማውጣት ፋንታ ቢሾፕህን ሲ5 አውጣ። ያኔ ፈረሱን ጂ5 ቢያመጣው ንግሥትህ በነፃ ትበላዋለች። ከልምድ ብዛት ሳያዩ የሚያመጡት ደግሞ አይጠፉም።

ጥያቄ፦ አያቴ የድሮው ሰንጠረጅ (የኢትዮጵያ ቼዝ) ሲጀመር ተራ የለውም ይሉኛል። እውነት ነው?
— ከሐዋሳ

መልስ፦ እውነታቸውን ነው። ያ የመጀመሪያው ክፍል ወረራ ይባላል። ሁለቱም ባንዴ፣ ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይቀያይራል። ተራ የሚጀምረው የመጀመሪያው ዕቃ ሲበላ ነው። የተሸመደደ ኦፕኒንግ (የጨዋታ አጀማመር) እዚያ ብዙም አያዋጣም። አያትህ የሚችሉት ከሆነ ቁጭ ብለህ ከእሳቸው ተማር፣ ዛሬ የሚያስተምር ሰው ማግኘት ከባድ ነው።